«ማ ፊያ ሺ» ስለተባለች ሴት፣ ስለ አንድ ወረቀትም

ባለፈው ወር በማኅበራችን የእሁድ ስብሰባ ላይ አንድ ወረቀት ታድሎን ነበር። ስድስት ገጽ ሆኖ የሚታጠፍ ነው፤ ፊቱ ላይ ነጭ ጋውን የለበሰ ሐኪምና አንዲት ጥቁር ሴት ተያይተው የተቀመጡበት ሥዕል አለው። አብዛኞቻችሁ አጥፋችሁ ቦርሳችሁ ውስጥ ከታችሁታል። አንዳንዶቻችሁ ደግሞ (በዓይኔ አይቻለሁ) የዳቦ ፍርፋሪ ጠቅልላችሁበታል። እኔ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ሳነበው አንዴ ሳቅኩ፣ አንዴ ተናደድኩ፣ በሦስተኛው ግን አፈርኩ። የመጽሔቷ አዘጋጅ «ሁልጊዜ ስብሰባ ላይ ከምትጮሂ ጻፊውና እናትመዋለን» ስላለችኝ ይኸው ጻፍኩት።

መጀመሪያ የሳቅኩበትን ልንገራችሁ። ርዕሱ «ንቃተ ህሊና የጎደለው አድልዎ በሕክምና ውስጥ» ይላል። ትምህርቱን የሰጠችን ሲስተር ርዕሱን ስታነብ ከኋላ የተቀመጠች አንድ ልጅ «እንዴ፣ ዶክተሩ ራሱን ስቶ ነው እንዴ?» አለች። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ፣ ሲስተርም አብራን ሳቀች። ልጅቷ ግን ልክ ነበረች። በእኛ ቋንቋ ንቃተ ህሊናውን ያጣ ሰው ማለት ወድቆ ውሃ የሚረጭበት ነው። ወረቀቱ ሊል የፈለገው ሌላ ነው። ሰውየው ነቅቷል፣ ሥራውን እየሠራ ነው፣ ምናልባትም ደግ ሰው ነው፤ ነገር ግን ሳያስበው የአንዷን ሕመም ከሌላዋ ሕመም አሳንሶ ያያል። ቢጠይቁት «እኔ ሁሉንም እኩል ነው የማክመው» ብሎ ይምላል፤ መሐላውም የእውነቱን ነው። እኔ ከዚህ በኋላ «ሳይታወቅ የሚደረግ አድልዎ» እያልኩ ነው የምጽፈው። ረጅም ነው፣ ግን ማንም ውሃ አይረጭበትም።

ጥሩውን ላለመደበቅ፣ ወረቀቱ ውስጥ ያሉት ሁለት ነገሮች ዕድሜ ልኬን የማልረሳቸው ናቸው። አንደኛው በፈረንጆች 2016 በአሜሪካ በቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ የተሠራ ጥናት ነው። ነጭ የሕክምና ተማሪዎችንና ገና በሥልጠና ላይ ያሉ ሐኪሞችን ጠየቋቸው፤ የጥቁር ሰው ቆዳ ከነጭ ሰው ቆዳ ይወፍራል? የጥቁር ሰው ነርቭ ሕመም የሚሰማው በትንሹ ነው? እነዚህ ሁሉ ውሸት ናቸው። ከተጠየቁት መካከል ግን ግማሽ ያህሉ ቢያንስ አንዱን ውሸት እውነት ሊሆን ይችላል ብለው ተቀበሉ። የተቀበሉትም የጥቁር ታማሚን ሕመም አሳንሰው ገመቱ፣ ትክክለኛውን ሕክምና በመምረጥም ተሳሳቱ። አስቡት እንግዲህ፤ እኔ አሥረኛ ክፍል ላይ ነው ያቆምኩት፤ ሽንኩርት ስከትፍ ጣቴን ስቆርጥ እንዴት እንደሚያም ግን ማንም አላስተማረኝም።

ሁለተኛው ጣት ላይ የሚሰካው የኦክስጅን መለኪያ ነው። በኮሮና ጊዜ ሁላችንም አይተነዋል። በ2020 በአሜሪካ በሚሽጋን የተሠራ ጥናት እንዳሳየው መሣሪያው «ኦክስጅኗ ደህና ነው» እያለ በደም ምርመራ ሲታይ ግን ኦክስጅኑ ያነሰባቸው ታማሚዎች ነበሩ፤ ይህ ስህተት በጥቁሮች ላይ ከነጮች ሦስት ጊዜ ያህል ይበዛ ነበር። መሣሪያው የሚሠራው በቆዳ ውስጥ ብርሃን አሳልፎ ነው፤ የቆዳችን ቀለም ደግሞ ብርሃኑን ይነካዋል። ማሽን ማንንም አይጠላም፤ የሠሩትና የሞከሩት ሰዎች ግን እኛን አላሰቡንም። «ሳይታወቅ» የሚለው ቃል እዚህ ላይ በልኩ ተሰፍቷል።

አሁን ወደተናደድኩበት ልሂድ። ሥዕሉን አውጡና እዩት። ሐኪሙና ታማሚዋ ብቻቸውን ናቸው፣ ዓይን ለዓይን ይተያያሉ። እኔ የምጠይቀው፣ ማዳም የታለች? ቤይሩት ውስጥ በኮንትራት ቤት ሆና ብቻዋን ሐኪም ፊት የተቀመጠች ካለች እጇን ታውጣ። ሐኪሙ ፊት ለፊት የምትቀመጠው ማዳም ነች፣ እኛ ከጎን ነን፣ ብዙ ጊዜም ቆመን ነው። መታወቂያችን በእሷ ቦርሳ፣ ገንዘቡ በእሷ እጅ፣ ቋንቋውም የእሷ ነው። ወረቀቱ በገጽ አራት ላይ «ሐኪሙን ለብቻሽ ለማነጋገር ጠይቂ» ይላል። በምን ቋንቋ? ከዚያስ በኋላ ቤት ስንመለስ?

የዚህ ምክንያት እንደሚመስለኝ ወረቀቱ የተጻፈው ለሐኪሞች ነው። «ከታማሚው ጋር ከመነጋገርህ በፊት ስለ እሱ ምን እንደገመትክ ራስህን ጠይቅ» የሚል ጥያቄ አለበት። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ግን እኔን ምን አገባኝ? ለሌላ ሰው የታዘዘ መድኃኒት ለእኛ እንደመስጠት ነው። አንዱ ተርጉሞ «ለስደተኛ ሴቶች» ብሎ አሳተመው እንጂ እኛ የምንገባበትን ክፍል አላየውም።

እኔ የገባሁበት ክፍል እንዲህ ነበር። በኮንትራቴ ሁለተኛ ዓመት ቀኝ እጄ ሌሊት ሌሊት ይደነዝዝ ጀመር። እየተወረረኝ እነቃለሁ፣ እጄን አራግፌ እተኛለሁ። ቀን ሰሃን ያመልጠኛል። ሦስተኛው ሰሃን ሲሰበር ማዳም ሐኪም ጋ ወሰደችኝ። ሐኪሙ ሽማግሌ ነው፣ ፈገግተኛ ነው። «ምን ሆና ነው?» አላት። «ሰሃን ትሰብራለች፤ እጇ ላይ ተኝታ ይሆናል» አለችው። «ትበላለች? ትተኛለች?» አላት። «ከእኔ የበለጠ» አለች። ሁለቱም ሳቁ። እጄን አንዴ ገለበጠና አየው፣ ቪታሚን ጻፈ፣ ከመሳቢያው ቸኮሌት አውጥቶ ሰጠኝ።

ቸኮሌቱን ልብ በሉልኝ። ያ ሰው አልጠላኝም። ወረቀቱ የሚለው ዓይነት ሰው ማለት እሱ ነው። ለልጅ እንደሚሰጠው ሰጠኝ፣ እንደ ልጅም ቆጠረኝ፤ ልጅ ስትታመም የምትጠየቀው እናቷ ነቻ። ያልጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በዚህ እጅሽ ምን ትሠሪያለሽ? ከአንድ ዓመት በኋላ፣ ከዚያ ቤት ወጥቼ በተመላላሽ መሥራት ስጀምር፣ አንዲት ሐኪም ይህንኑ ጠየቀችኝ። «የወለል ጨርቅ ስትጨምቂ እስቲ አሳዪኝ» አለችኝ። አየር ላይ ጨመቅኩላት። ወዲያው የእጄን አንጓ ያዘችና በዚያ ውስጥ የሚያልፍ ነርቭ እንደተጫነ ነገረችኝ፤ ሌሊት ሌሊት የሚታሰር ድጋፍም አዘዘችልኝ። በሦስት ሳምንት ውስጥ እንቅልፍ አገኘሁ። ትልቅ ማሽን አላስፈለገም።

ወረቀቱን የምነቅፍበት ሌላም ነገር አለ። ነገሩን ሁሉ የነጭና የጥቁር አድርጎ ያበቃል። ስብሰባው ላይ አንዲቷ «እዚህ ያሉት ሐኪሞች አረቦች ናቸው፣ ነጭ ናቸው እንበል?» ብላ ጠየቀች። ሲስተር ከወረቀቱ የወጣ ነገር የነገረችን ያኔ ነው፤ እኔም ቤት ገብቼ በስልኬ ፈልጌ አነበብኩ። ፈረንሳይ ውስጥ ሐኪሞች እርስ በርሳቸው የሚጠቀሙበት «የሜዲትራኒያን በሽታ» የሚሉት የሹክሹክታ ስም አለ። እንዲህ ያለ በሽታ የለም። ከሰሜን አፍሪካና ከዚህ ባሕር ዙሪያ የመጣ ሰው ሕመሙን ያጋንናል ለማለት ነው የሚሉት። ፍራንዝ ፋኖን የሚባለው የማርቲኒክ ተወላጅ ሐኪም ከዚህ የማይርቅ ነገር በ1952 ጽፏል። ሊዮን ከተማ ሲሠራ የሰሜን አፍሪካ ሠራተኞች «ያመኛል» እያሉ ይመጣሉ፣ ሐኪሞች ግን ገና ሳይመረምሯቸው ምንም የላቸውም ብለው ደምድመዋል። በ2017 መጨረሻ ደግሞ በስትራስቡርግ አንዲት የ22 ዓመት ጥቁር ወጣት ሆዷን አሟት ወደ አምቡላንስ ደወለች። ልሞት ነው ስትል ስልኩን ያነሳችው ሠራተኛ አሾፈችባት። ልጅቷ በዚያው ቀን ሞተች። የስልኩ ድምፅ በቀጣዩ ዓመት ሲወጣ አገሩ ሁሉ ሰማው።

እኔን የገረመኝ ይሄ ነው። ፈረንሳይ ውስጥ «ያጋንናሉ» የሚባሉት የዚህ ባሕር ሰዎች ናቸው። የቤይሩት ሐኪም አጎት ፓሪስ ሄዶ ቢታመም «ያጋንናል» ሊባል ይችላል። እዚህ ደግሞ ሐኪሙ ራሱ ለእኛ «ማ ፊያ ሺ» ይላል፤ ምንም የላትም። እንግዲህ ነገሩ በቀለም ብቻ የሚሄድ አይደለም፤ እንደ ደረጃ ውሃ ከላይኛው ፎቅ ወደ ታችኛው ይወርዳል። ደረጃ የምታጥቡ ታውቁታላችሁ፣ የላይኛው ፎቅ ቆሻሻ መጨረሻ ላይ የሚጠራቀመው ምድር ቤት ነው። ምድር ቤት ያለነው እኛ ነን ብዬ አስብ ነበር። ከእኛ በታች ማንም እንደሌለ።

ያፈርኩት እዚህ ላይ ነው።

ዶራ አንድ ክፍል ውስጥ ለአምስት እንኖር ነበር። አንዷ ከወሎ ገጠር የመጣች፣ አሠሪዎቿ ደመወዝ ከልክለዋት ከቤት የወጣች ልጅ ናት፣ ከመጣች ስምንት ወሯ ነበር። ማታ ማታ ታለቅሳለች። ራሴን ትላለች፣ ወገቤን ትላለች፣ ብርድ መታኝ ትላለች። «አልቃሻዋ» ነበር የምንላት፣ ፊቷ ላይም ጭምር። አንድ ቀን ሆዴን አለች። ሁለት ቀን ሙሉ ስታቃስት የእረፍት ቀኔን ትቼ፣ የታክሲውን ከኪሴ ከፍዬ ወደ አንድ ክሊኒክ ይዣት ሄድኩ። አረብኛ የምችለው እኔ ስለሆንኩ አስተርጓሚ ሆንኩ።

ሐኪሙ ምን እንደሚሰማት ጠየቀ። እሷ ብዙ ተናገረች። «መጀመሪያ እምብርቴ ዙሪያ ነው የጀመረኝ። እህል አስጠላኝ። ከዚያ ወደ ቀኝ ወረደ፣ እዚህ ጋ። ስራመድ ይወጋኛል። ስስል ይብሳል፣ ታክሲው ሲዘል ነፍሴ ልትወጣ ነበር» አለች። እኔ ያልኩትን ዛሬ ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። «ሆዷን ያማታል። ከመጣች ጀምሮ ታለቅሳለች፣ እናቷ ናፍቃት ነው» አልኩት። ማስመለስ አላት ወይ? ትኩሳትስ? ሲል እሷን ሳልጠይቅ እኔው መለስኩ። «ላ፣ ማ ፊያ ሺ»።

ሐኪሙም አመነኝ። ለምን አያምነኝም? የአገሯ ልጅ ነኝ። በልብሷ ላይ ትንሽ ዳሰሳትና የጨጓራ መድኃኒት ጻፈ። በማግስቱ ሌሊት መታጠቢያ ቤት ውስጥ እጥፍ ብላ አገኘናት። ትርፍ አንጀቷ ፈንድቶ ነበር። ሆስፒታሉ መጀመሪያ ማስያዣ ገንዘብ አለ፤ ያንን ሌሊት ስልክ ያልተደወለላት ከእናንተ ውስጥ የለችም፣ ስለዚህ አልዘረዝረውም። ተቀዳደች፣ ዘጠኝ ቀን ተኛች፣ ተርፋለች። ይህን እንድጽፍ ፈቅዳልኛለች።

ያቺ ልጅ የተናገረችውን ዛሬ ለማንኛዋም ነርስ ብትነግሯት «ትርፍ አንጀት ይታይ» ትላለች። እምብርት ዙሪያ ጀምሮ ወደ ቀኝ ታችኛው ሆድ የሚወርድ ሕመም፣ እህል ማስጠላት፣ ሲንቀሳቀሱና ሲያስሉ መባስ፤ ሁሉንም በቅደም ተከተል፣ በንጹሕ አማርኛ ተናግራለች። ከእሷ አፍና ከሐኪሙ ጆሮ መካከል የቆምኩት እኔ ነበርኩ። ጠልቻት አልነበረም፣ ቀኔን ሰውቼላታለሁ። ቸኮሌት የሰጠኝ ሽማግሌም ቢጠየቅ እንዲህ ነው የሚለው። ገጠሬ ናት፣ አልቃሻ ናት፣ ታጋንናለች ብዬ ወስኜ ነበር፤ እንደወሰንኩም አላውቅም ነበር። ርዕሱ ላይ የሳቅኩበት ቃል የእኔ ሆኖ ተገኘ።

ከሆስፒታል ከወጣች በኋላ ይቅርታ ጠየቅኳት። ምን ብዬ እንደተረጎምኩ ነገርኳት። ዝም ብላ ቆየችና «እኔ ያን ሁሉ ስናገር አንቺ ቶሎ ስትጨርሺ፣ እህቴ፣ አረብኛ አጭር ቋንቋ ነው ብዬ ነበር» አለችኝ።

ወረቀቱ ስለ አስተርጓሚ አንድ መስመር ነው ያለው፤ «የምታምኚውን ሰው ይዘሽ ሂጂ» ይላል። እሷ ያመነችውን ሰው ይዛ ነው የሄደችው። ሲታተም መጨመር ያለበት ይህ ነው እላለሁ። የምታስተረጉም ሴት በ«እኔ» ትናገር፤ «ሆዷን ያማታል» ሳይሆን «ሆዴን ያመኛል፣ እዚህ ጋ ጀመረኝ»። ስትታክት ታስቁማት፣ «ትንሽ ትንሽ እያልሽ ንገሪኝ» ትበላት። የራሷን ሐሳብ ማከል ከፈለገች ደግሞ «ይሄ የእኔ ሐሳብ ነው» ብላ ለይታ ትንገረው። ሐኪሙ የጠየቃትን ጥያቄ ደግሞ እንዳትመልስ፤ እኔ የወደቅኩት እዚያ ነው።

ስለ እኛ አነጋገርም አንድ ገጽ ይገባው ነበር። ሐኪሙ «ኪፊክ?» ሲል እኛ «ሐምዲላ፣ ደህና ነኝ» እንላለን፤ ሞት አፋፍ ላይ ሆነንም። ለእኛ ሰላምታ ነው፣ ለሱ ግን መልስ ነው፤ ይጽፈዋል። «ልቤን አመመኝ» ስንል አብዛኛውን ጊዜ ከጡታችን በታች ያለውን ነው፤ «ቀልቢ» ብለን ስንተረጉም የልብ ምርመራ ይታዘዛል፣ ምንም ሲታጣ ደግሞ ውሸታም እንባላለን። ሁሉን ነገር «ጨጓራ» ማለታችንም አለ። የበሽታ ስም ይዘን ከመሄድ የት እንደጀመረ፣ ወዴት እንደሄደ፣ ምን መሥራት እንዳቃተን ብንናገር ይሻላል። ከአሥር ስንት ነው ሲሉን ደግሞ ብዙዎቻችን ሦስት እንላለን፣ አሥር ማለት ነውር ይመስለናል፤ እኔ ለእጄ አራት ብዬ ነበር። «ምንጣፍ ማንሳት አቃተኝ፣ ደረጃውን በእጄ ይዤ ነው የወጣሁት» ማለት ግን ለማንም አያሳፍርም፣ ሐኪሙም ይገባዋል።

አንድ ነገር ላይ ግን እንዳትሳሳቱብኝ። ራሴን ስለወቀስኩ ሌላውን ሁሉ ነፃ እያወጣሁ አይደለም። «ሳይታወቅ» የሚለው ቃል ሁሉን የሚያጥብ ሳሙና እንዳይሆን እፈራለሁ። ወረቀቱ ማስያዣ ካልተከፈለ አልቀበልም ማለትንም፣ ኢቃማ የላትም ብሎ ከበር መመለስንም ከሳይታወቁ አድልዎች ጋር ደባልቆ ጽፎታል። እነዚህ ሳይታወቁ የሚደረጉ አይደሉም፤ ካሸሩ ጋ ያለው ሰውዬ ምን እያደረገ እንደሆነ በደንብ ያውቃል። ቸኮሌት የሰጠኝን ሰው ማስተማር ይቻላል፤ አንድ ጥያቄ ጨምር ማለት ነው። ሌላኛው ትምህርት ሳይሆን ሕግ ነው የሚያስፈልገው። ማዳሜን ከየትኛው እንደምመድባት እስከ ዛሬ አልቆረጥኩም። እጄ እንደሚደነዝዝ ነግሬያት ነበር፣ ሐኪሙ ፊት ግን ሰሃኑን ብቻ አነሳች።

ይህን ሁሉ ለሲስተር ነገርኳት። አልተቀየመችም፣ ወረቀቱ እንደገና እንዲታተም ትጠይቃለች። እስከዚያ በየእሁዱ ሕመም የምንናገርባቸውን ቃላት ከነአረብኛቸው እየሰበሰብን ነው፤ ውጋት፣ ቁርጠት፣ መውረር፣ ማቃጠል፣ መወጠር። ከወሎ የመጣችው ልጅ እስካሁን ከሁላችንም የበለጠ አምጥታለች፤ «መሸንቆጥ»ን ያመጣችው እሷ ናት፣ አረብኛውን ግን ማናችንም አላገኘንለትም። የምታውቁ ካላችሁ ጻፉልን። ለአዲሱ ሥዕል ደግሞ ሦስተኛ ወንበር እንዲጨመርበት ጠይቄያለሁ፤ ማን እንደሚስለው ገና አልታወቀም።